ትልቅ ልጅ ወይስ ትንሽ አዋቂ? የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና በጉርምስና ዕድሜ

ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ ለኳስ ነፍሱን ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ግን ከፋሲካ በፊት ባሉት ወራት ከሜዳ መራቅ ጀመረ። ቤት ውስጥም ሰፊ ሱሪ ብቻ መልበስ አመጣ። እናታችን «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ፣ «ዕድሜው ነው እማዬ፣ ተይው» አልኳት። አንድ ቅዳሜ ማታ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «እዚህ ጋ እብጠት አለኝ። ስተኛ ይጠፋል፣ ስነሣ ይመጣል» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው «ከሱኮት» አለ። ስድስት ወር ሙሉ ደብቆት ኖሯል።

እብጠቱ የብሽሽት ቡአ ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። እኔ የነርስነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከወንድሜ ጋር በሄድንበት መንገድ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ቡአ እንዴት ቢታከም ይሻላል በሚለው ላይ ሐኪሞችም እንደማይስማሙ ነው። ሁለተኛው፣ ቤተሰቡ ጥያቄውን ካላወቀ ምርጫው ሳይጠየቅ በሌላ ሰው እንደሚያልፍ ነው። ይህን የምጽፈው በቤታችሁ ወንድም፣ የአጎት ልጅ ወይም የራሳችሁ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው እኛ ዘግይተን ያወቅነውን እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ቡአ ምንድን ነው?

የሆዳችን ግድግዳ በጡንቻና በጠንካራ ሽፋን የተሠራ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ክፍተት ሲኖር ወይም ግድግዳው ሲሳሳ፣ በውስጥ ያለው አንጀት ወይም ሞራ በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል። ከቆዳ በታች እብጠት ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። አማርኛችን ቡአ፣ ዕብራይስጡ ቤካ፣ የሐኪሞቹ መጽሐፍ ደግሞ ሄርኒያ ይለዋል።

የብሽሽት ቡአ ታሪክ የሚጀምረው በእናት ማሕፀን ነው። የወንድ ልጅ ቆለጦች መጀመሪያ የሚፈጠሩት ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት አጠገብ ነው። ከሰባተኛው የእርግዝና ወር ገደማ ጀምሮ በብሽሽት ቦይ አልፈው ወደ ከረጢታቸው ይወርዳሉ። የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ገበርም ከእነሱ ጋር ተስቦ እንደ ጓንት ጣት ያለ ጠባብ ኪስ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ይህ ኪስ ከልደት በፊት ወይም ከልደት በኋላ ባለው ጊዜ ራሱ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ አንጀት የሚገባበት በር ክፍት ሆኖ ይቆያል። የቀኝ ቆለጥ ዘግይቶ ስለሚወርድ ቡአ በቀኝ በኩል ይበዛል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይም ይበዛል። በሴት ልጆችም ይከሰታል፤ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ያነሰ ነው፣ አንዳንዴም በኪሱ ውስጥ የሚገኘው አንጀት ሳይሆን የእንቁላል ዕጢ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። በአብዛኞቹ ጎረምሶች ላይ የሚታየው ቡአ ከልደት ጀምሮ ክፍት የቀረ በር ነው። በቤታችን «ከባድ ዕቃ አንሥቶ ነው»፣ «ስፖርት ቤት እየሄደ ሆዱን ቀደደው» ይባላል። ሸክሙ በሩን አልከፈተውም፤ ክፍት የነበረውን በር ገፍቶ አሳየን እንጂ። ስለዚህ ልጁን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ይህ ዓይነቱ «ቀጥተኛ ያልሆነ ቡአ» ይባላል። «ቀጥተኛ ቡአ» የሚባለው ሌላ ነው፤ የብሽሽት ቦይ የኋላ ግድግዳ ራሱ ሲላላና ሲሳሳ የሚመጣ ሲሆን፣ በዋናነት በመካከለኛና በትልቅ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ይታያል። በጎረምሳ ላይ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ይህን ልዩነት ያዙት፤ በኋላ ስለ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስንነጋገር ሁሉም ነገር የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። እናቶቻችን የሕፃን እንብርት ቡአ አይተው «ሲያድግ ራሱ ይገባል» ብለው መጠበቅ ለምደዋል፤ ለእንብርቱ ልክ ናቸው። ብዙዎቹ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ይዘጋሉ። የብሽሽቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ከወጣ በኋላ በመጠበቅ አይዘጋም።

መቼ መሮጥ ያስፈልጋል?

አብዛኛውን ጊዜ ቡአ ለስላሳ ነው፤ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ይወጣል፣ ሲተኙ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ወደ ቤተሰብ ሐኪም በቀጠሮ መሄድ ይበቃል። የሚያስፈራው ወጥቶ መመለስ ሲያቅተው ነው። አንጀቱ በጠባቡ ቀለበት ውስጥ ይታነቃል፣ የደም ዝውውሩም ሊቆም ይችላል። ይህ አደጋ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል፤ በጎረምሶች ላይ ያነሰ ቢሆንም ይደርሳል። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ማስታወክ ወይም የሆድ መነፋት ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሚዩን መሄድ ነው። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት፣ በጉልበት ወደ ውስጥ መግፋት፣ በሙቅ ጨርቅ መታሰርም አይገባም።

ለጎረምሳ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ድንገት የሚጀምር ከባድ የቆለጥ ሕመም ቡአ ላይሆን ይችላል። ቆለጥ በገመዱ ላይ ሲጠመዘዝ ደሙ ይቋረጣል፤ ለማዳን ያለው ጊዜ በስድስት ሰዓት ገደማ ይቆጠራል። ልጅ አፍሮ እስከ ጠዋት ከጠበቀ ቆለጡን ሊያጣ ይችላል። ወንዶች ልጆቻችን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንም በፊት ከቤታቸው መስማት አለባቸው፦ «እዚያ ድንገት ካመመህ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ።»

ምርመራው

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ ልጁን አቁሞ ያያል፣ እንዲያስል ይጠይቃል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ቆለጦቹ በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል። አልትራሳውንድ የሚታዘዘው ነገሩ ሲያጠራጥር ነው። ወንድሜን የቆለፈው ይህ ምርመራ ነበር። ወንድ ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ እናትና እህት ውጭ እንዲቆዩ መጠየቅም ይቻላል። እኛ ይህን ብለነው ቢሆን ኖሮ ስድስት ወር ባልጠበቀ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለት በር፣ ሁለት መልስ

የቤተሰብ ሐኪማችን የላከን ወደ አዋቂዎች ቀዶ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ወንድሜን አየና «መረብ እናስገባለታለን፣ ቀላል ነው» አለን። ሁለተኛ አስተያየት ለማግኘት የሄድንበት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ደግሞ «ለዚህ ልጅ መረብ አያስፈልገውም፤ ኪሱን ከሥሩ ማሰር ይበቃል» አለች። እናቴ ግራ ተጋብታ «አንዱ ይዋሻል» አለች። አንዳቸውም አልዋሹም። ሁለቱ የተማሩት በተለያየ በሽተኛ ላይ ነው። ለመረዳት አራቱን መንገዶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው መንገድ፦ ኪሱን ከሥሩ ማሰር

ሐኪሙ በብሽሽት እጥፋት ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይከፍታል። የቡአውን ኪስ ያገኛል፤ ከዘር ገመዱ፣ ማለትም ወደ ቆለጥ ከሚሄዱት የደም ሥሮችና ከዘር ቱቦው በጥንቃቄ ይለየዋል። ከዚያ ኪሱን ከሆድ በሚወጣበት ቦታ፣ ውስጠኛው ቀለበት ላይ አጥብቆ ያስረውና ይቆርጠዋል። ግድግዳው ጤነኛ ስለሆነ ሌላ ማጠናከሪያ አይጨመርም። ዊሊስ ፖትስና ባልደረቦቹ በቺካጎ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍ ለሕፃናትና ለልጆች ይህ ብቻውን እንደሚበቃ ተከራክረዋል፤ እስከ ዛሬም የሕፃናት ቀዶ ሕክምና መሠረት እሱ ነው። በልጆች ላይ ቡአው የሚመለሰው ከ100 በ1 ወይም በ2 ገደማ ነው።

በጎረምሳ ላይ ቀለበቱ ለዓመታት ሲገፋ ስለኖረ ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ኪሱን ካሰረ በኋላ ቀለበቱን በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ያጠብበዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሄንሪ ማርሲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ያንኑ ሥራ በካሜራ

በላፓሮስኮፒ በእንብርት በኩል ቀጭን ካሜራ ይገባል፤ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ ሐኪሙ ክፍቱን በር ከውስጥ እያየ በስፌት ይዘጋዋል። ፖላንዳዊው ዳሪውሽ ፓትኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀው ዘዴ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ በካሜራ እየታየ፣ በቆዳ በኩል በምትገባ መርፌ ክሩ በቀለበቱ ዙሪያ ዞሮ ይታሰራል። የሚቀረው ጠባሳ የመርፌ መውጊያ ያህል ነው።

ጥቅሙ ሌላውንም ጎን በዚያው ማየት መቻሉ ነው፤ በዚያም በኩል በር ክፍት ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ማደንዘዣ መዝጋት ይቻላል። በሌላ በኩል ሙሉ ማደንዘዣና የመተንፈሻ ቱቦ ያስፈልገዋል፣ መሣሪያዎቹ ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባሉ፣ ውጤቱም በሐኪሙ ልምድ ላይ በጣም ይወሰናል። ከቀዶው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ትከሻ ቢያም አትደንግጡ፤ በሆድ ውስጥ የቀረው ጋዝ የሚያመጣው ስሜት ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ግድግዳውን በራሱ ሥጋ መስፋት

ጣሊያናዊው ኤዶዋርዶ ባሲኒ በ1880ዎቹ የብሽሽትን የኋላ ግድግዳ በስፌት መልሶ መገንባት ባስተማረ ጊዜ የቡአ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ተለወጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቶሮንቶ ኤድዋርድ ኧርል ሾልዳይስ ግድግዳውን በብዙ ንብርብር የመስፋት ዘዴ አዳበረ፤ መረብ ከሌላቸው ዘዴዎች ውስጥ በአዋቂ ላይ የተሻለ ውጤት ያለው እሱ እንደሆነ ይነገራል። የእነዚህ ዘዴዎች ችግር ሥጋውን ከሥጋ ጋር ስበው ስለሚያገናኙ ውጥረት መፍጠራቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ይበረታል፤ በቂ ልምድ በሌለው እጅ ደግሞ ቡአው ይመለሳል። ግድግዳው ደካማ ሆኖ ቤተሰቡ መረብ ለማይፈልግ ጎረምሳ ግን ሊነሣ የሚገባው አማራጭ ነው።

አራተኛው መንገድ፦ መረብ

ኧርቪንግ ሊክተንስታይን በሎስ አንጀለስ በ1980ዎቹ ውጥረቱን ለማስወገድ ደካማውን ግድግዳ ከላዩ በሰው ሠራሽ መረብ መሸፈን አስፋፋ። ሰውነት በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ጠባሳ እያበቀለ ግድግዳውን ያጠነክረዋል። በ1990ዎቹ መረቡን ከጡንቻው ኋላ በካሜራ ማስገባት ተጀመረ። ለአዋቂ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ለአዋቂዎች የመጀመሪያ ምርጫ መረብ እንዲሆን ይመክራል። የመጀመሪያው ሐኪማችን የተናገረው ከዚህ ነበር።

ለጎረምሳ ሲሆን ግን ጥያቄዎች ይነሣሉ። ሰውነቱ ገና እያደገ ነው፤ መረቡና በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳ ከእሱ ጋር አያድጉም። መረቡ የሚቀመጠው በዘር ገመዱ አጠገብ ነው። የ60 ዓመት ሰው መረቡን 20 ወይም 30 ዓመት ይሸከመዋል፤ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ 60 ወይም 70 ዓመት። በአዋቂዎች ላይ ከብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ100 ሰው ወደ 10 የሚሆኑት ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ሕመም እንደሚቀራቸው ይታወቃል። መካንነትን በተመለከተ ግን እውነቱን መናገር ይገባል፤ በአዋቂ ወንዶች ላይ የተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች መረብ በጥቅሉ መካን እንደሚያደርግ አላሳዩም። ስለዚህ «መረብ ከገባ ልጅ አይወልድም» የሚለውን ወሬ አታሰራጩ። የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች መረብን የሚሸሹት መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ግድግዳው ጤነኛ ለሆነ ልጅ የማያስፈልግ ስለሚመስላቸው ነው።

ታዲያ የትኛው?

ወንድሜ ትልቅ ልጅ ነው ወይስ ትንሽ አዋቂ? የሁለቱ ሐኪሞች ልዩነት ሲጠቃለል ይህ ነበር። አንድ ዓይነት ቡአ ያለው ጎረምሳ ወደ ሕፃናት ቀዶ ሐኪም ከሄደ ኪሱ ብቻ የመታሰር ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወደ አዋቂዎች ቀዶ ሐኪም ከሄደ መረብ የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚወስነው የገባበት በር ነው። በሩን ደግሞ የሚመርጠው የሪፈራል ወረቀቱ ነው እንጂ ቤተሰቡ አይደለም።

መታወቂያው ላይ ካለው ዕድሜ ይልቅ ሊወስኑ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የቡአው ዓይነት። ቀጥተኛ ካልሆነና ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ፣ በካሜራም ሆነ በክፍት ቀዶ፣ በሩን መዝጋት ይበቃል። ቀጥተኛ ከሆነ ግን ኪስ ማሰር ብቻውን ችግሩን አይነካውም፤ ግድግዳው መጠናከር አለበት።

እድገቱ። ልጁ ገና ቁመት እየጨመረ ነው ወይስ ጨርሷል? በ13 ዓመቱና በ17 ዓመት ተኩሉ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

የቀለበቱ ስፋት። ይህ ብዙ ጊዜ በትክክል የሚታወቀው በቀዶው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ሰፍቶ ካገኘሁት ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት።

የቀድሞ ታሪክ። ከዚህ በፊት ታክሞ የተመለሰ ቡአ፣ ወይም የሰውነትን ማያያዣ ሥጋ የሚያላላ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ካለ፣ ወደ ማጠናከሪያው ያደላል።

የሐኪሙ እጅ። በደንብ የሚያውቀውን ዘዴ የሚሠራ ሐኪም፣ አዲስ ነገር ከሚሞክረው ይሻላል።

«ባይቆረጥስ?» ብላ እናቴ ጠይቃለች። ለቡአ የሚዋጥ መድኃኒት የለም፤ ቀበቶም በሩን አይዘጋም። ሕመም የሌላቸው አንዳንድ አዋቂ ወንዶች በክትትል ሊቆዩ ይችላሉ። ሙሉ ዕድሜው ከፊቱ ላለ ልጅ ግን ተረጋግቶ፣ ቀን ተመርጦ ቢሠራ ይሻላል፤ ታንቆ በሌሊት ከሚሠራው ይልቅ በቀጠሮ የሚሠራው አደጋው ያነሰ ነው።

ወንድሜ የተሠራለት በመጀመሪያው መንገድ ነው። ኪሱ ታሰረ፤ ቀለበቱ ትንሽ ሰፍቶ ስለተገኘ አንድ ስፌት ተጨመረበት። በዚያው ቀን ማታ ቤት ገባ።

የእኔ ስህተት

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማልኮራበትን ልንገራችሁ። ከቀዶው በፊት ሐኪሟ አደጋዎቹን ስትዘረዝር የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ የቆዳ መደንዘዝ፣ የቡአው መመለስ፤ ሁሉንም አልኩ። ከዚያ «ከስንት አንዴ ወደ ቆለጥ የሚሄደው የደም ሥር ወይም የዘር ቱቦው ሊጎዳ ይችላል፤ ቆለጡም ሊኮስስ ይችላል። ከቀዶው በኋላ ደግሞ ከረጢቱ ለተወሰኑ ቀናት ማበጡና መጥቆሩ የተለመደ ነው» አለች። ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። በእናቴና በወንድሜ ፊት ቆለጥ ማለት አሳፈረኝ። «አንዳንድ ትንንሽ ችግሮች ይኖራሉ ትላለች» ብዬ አለፍኩት። እናቴም ፈረመች።

በማግስቱ ከረጢቱ አብጦ ሲጠቁር እናቴ ጮኸች። «ይህን ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም!» አለች። እውነቷን ነው፤ የነገራት አልነበረም። እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ጎደለ፣ ልጁም ደህና ሆነ። ግን እናቴ የፈረመችው ያልሰማችውን ነው። በኋላ እንዲህ ሆኖ ነው ብዬ ስነግራት ዝም ብላ አየችኝና «አምስት ልጅ የወለድኩ ሰው ነኝ፤ ቆለጥ ብትይኝ እሞታለሁ?» አለችኝ።

ብዙዎቻችን ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመታችን ጀምሮ የወላጆቻችን አፍ ሆነን አድገናል። በባንክ፣ በትምህርት ቤት፣ በቁፓት ሖሊም ተርጉመናል። የሕክምና ፈቃድ ግን ሌላ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ መረጃውን ሰሚው በሚገባ ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲሰጥ ያዛል፤ የሁለተኛ አስተያየት መብትም ይሰጣል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለበሽተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ በአካልም ሆነ በስልክ ጠይቁ፤ ልመና አይደለም። እናንተ በክፍሉ ውስጥ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ሁኑ። መተርጎም ግድ ከሆነባችሁም ሁሉንም ተርጉሙ። ልጁ ከ18 በታች ከሆነ የሚፈርሙት ወላጆች ናቸው፤ ሰውነቱ ግን የእሱ ነውና እሱም ይሰማ፣ እሱም ይጠይቅ።

ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

1. የልጁ ቡአ ቀጥተኛ ነው ወይስ ቀጥተኛ ያልሆነ? በምን አወቁ?
2. የሚያስቡት በክፍት ቀዶ ነው ወይስ በካሜራ? ለምን?
3. መረብ ሊያስገቡ ነው? ከሆነ ያለ መረብ ቢሠራ ምን ይጎድላል?
4. ሲከፍቱት ከጠበቁት የተለየ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?
5. በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን በዚህ ዘዴ በብዛት ሠርተዋል?
6. ሌላውን ጎን ያዩታል?
7. ለቆለጡና ለዘር ቱቦው ያለው አደጋ ምን ያህል ነው?
8. ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ኳስ፣ ወደ ክብደት ማንሣት መቼ ይመለሳል?

ከቀዶው በፊትና በኋላ

ከቀጠሮው በፊት ቁፓት ሖሊም ቶፌስ 17 ማጽደቁን አረጋግጡ። በዋዜማው ስለ ጾሙ የሚሰጣችሁን መመሪያ አክብሩ፤ በተለምዶ ጠንካራ ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። «ባዶ ሆዱን እንዴት ይቆረጣል» ብሎ ጠዋት ዳቦ ያጎረሰ ቤተሰብ ቀዶውን ያሰርዛል፤ ይባስ ብሎም ልጁ በማደንዘዣ ሳለ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አብዛኞቹ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሕመሙን ለማስታገስ ሐኪሙ ያዘዘውን በሰዓቱ መስጠት ይሻላል፤ «ወንድ ልጅ ይችለዋል» ማለት አያድንም። በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ ቢራመድ ጥሩ ነው። በሳምንት ገደማ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሩጫ፣ ኳስና ክብደት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያሉ። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠትና ሕመም ወይም ሽንት አለመሽናት ካለ ደውሉ፣ ሂዱ።

የቀዶውን ማጠቃለያ ወረቀት፣ ሲኩሙን፣ አትጣሉት። ምን እንደተሠራና መረብ መግባት አለመግባቱ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ለጻቭ ሪሾን ሲጠራ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ ወረቀቱ በእጁ ቢኖር ይጠቅመዋል።

የቃላት መፍቻ

እኔ ያጠሩኝን ቃላት ለእናንተ አዘጋጅቻለሁ። አማርኛው በፊት፣ ዕብራይስጡ በኋላ ነው።

ቡአ፦ ቤካ
ብሽሽት፦ ሚፍሳዓ
የታነቀ ቡአ፦ ቤካ ካሉ
ቆለጥ፦ ኤሼሕ
የቆለጥ ከረጢት፦ ሳቅ ሃአሻሒም
ቀዶ ሕክምና፦ ኒቱአሕ
ሙሉ ማደንዘዣ፦ ሃርዳማ ክላሊት
መረብ፦ ሬሼት
ስፌት፦ ትፋሪም
ጠባሳ፦ ጻሌኬት
አውቆ መፍቀድ፦ ሃስካማ ሚዳዓት
ሁለተኛ አስተያየት፦ ሐቫት ዳዓት ሽኒያ

ወንድሜ ከወር በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሷል። ለጓደኞቹ ምን እንደሆነ አልነገራቸውም ብዬ ነበር። በቅርቡ ግን ከቡድኑ አንድ ልጅ ቤታችን መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ እያመነታ፣ «እህትህ ነርስ ነች አይደል? አንድ ነገር ልጠይቃት ነበር» ሲለው ሰማሁ። ወንድሜ «ግባ፣ አትፈር» አለው።